በሞቴ የማይባልበት ማዕድ

ውፍረት ባስከተለባቸው ደዌ ምክንያት ጨጓራቸውን በቀዶ ሕክምና ያሳነሱ ወገኖች በእስራኤል አገር በአሽቀሎን ከተማ በመካከላችን ይኖራሉ፤ ከእነርሱም ጥቂቶቹ ነገሩን በግልጥ ሲናገሩት፣ ሌሎቹ ከእናት ከአባት፣ ከእኅት ከወንድም እንኳ ሰውረው «ጨጓራዬን አሞኝ ነበር» ብለው ያልፉታል። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት የሐኪሞቹን ጥበብ ለማወደስም ሆነ ለመንቀፍ አይደለም፤ ጥበቡ በብዙ አገር ተፈትኖ የተመሰከረለት ነው። ልናገር የምወደው፣ ቁስሉ ከጠገገ በኋላ ሕመምተኛው ተመልሶ የሚቀመጥበት ማዕድ፣ ይኸውም የእኔና የአንባቢዬ ማዕድ፣ ምንም ሳይለወጥ እንደ ጥንቱ መቆየቱን ነው፤ በእኔ አስተያየት የብዙ ሰው ድካም ከንቱ የሚሆነው በሆስፒታሉ ውስጥ ሳይሆን በዚሁ በመሶባችን ዙሪያ ነውና።

ከወገራ፣ ከደምቢያ፣ ከስሜንና ከወልቃይት ተነሥቶ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 እና በ1985 በሱዳን በረሃ በኩል በዘመቻ ሙሴ፣ ኋላም በግንቦት 1991 በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ የሚበልጥ ነፍስ በአውሮፕላን በተጓጓዘበት በዘመቻ ሰሎሞን ወደዚህ አገር የገባው የቤተ እስራኤል ሕዝብ፣ አብዛኛው ቀጭን፣ በእግሩ የሚሄድ፣ ከእርሻውና ከሸክላው፣ ከብረት ሥራውና ከሸማው ጋር ሲታገል የኖረ ሕዝብ ነበር። የስኳር ሕመም በመንደሩ ብርቅ ነበር። እነሆ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ፣ ነጭ ዱቄትና ስኳር፣ ዘይትና ጣፋጭ ለስላሳ መጠጥ በየቤቱ ሲገባ፣ እግርም በአሳንሰርና በአውቶቡስ ሲተካ፣ ይህ የስኳር ሕመም በመካከላችን ተስፋፋ፤ ነገሩን የመረመሩ የእስራኤል ሐኪሞችም ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በእኛ ላይ በለጋ ዕድሜና ባነሰ ውፍረት እንደሚታይ አረጋግጠዋል። በ1998 የተመሠረተው «ጤና ብሪኡት» የተባለው ማኅበር ስለዚሁ ጉዳይ ሲደክም የኖረ ነው። ይህን የማነሣው ለወቀሳ አይደለም፤ አንድ ሰው ወፍሮ ወደ ቀዶ ሐኪም ሲሄድ «ሆዱን መግዛት ያቃተው» እያልን የምናማው ሐሜት ምን ያህል ከእውነት የራቀ እንደ ሆነ እንድናስተውል ነው። ድንገት በተለወጠ ኑሮ ውስጥ የተጣለ ሥጋ፣ በጠባይ ጉድለት ብቻ አይወፍርም።

እስራኤል ከሕዝቧ ብዛት አንጻር ይህ ቀዶ ሕክምና በብዛት ከሚደረግባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ናት። ክብደቱ ከቁመቱ ጋር ተሰልቶ የሚገኘው ቁጥር ከ40 በላይ የሆነ ሰው፣ ወይም ከ35 በላይ ሆኖ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ ወይም በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ የመቋረጥ ሕመም ያለበት ሰው፣ ሐኪሞቹ ከተስማሙበት ወጪውን የጤና መድኅን ተቋሙ፣ ኩፓት ሆሊም፣ ይሸፍንለታል። በብዛት ከሚሠሩት አንዱ ሐኪሞቹ «ሻርቩል» የሚሉት ነው፤ ከጨጓራው ከአራት ሦስት እጁ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ተቆርጦ ይወጣና እንደ እጅጌ የጠበበ ቱቦ ብቻ ይቀራል። ተቆርጦ ከሚወጣው ክፍል ጋር የረኃብን ስሜት ወደ አንጎል የሚልከው ንጥረ ነገር በአብዛኛው የሚመነጭበት ሥፍራ አብሮ ስለሚሄድ፣ ሰውየው በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚበላው ጥቂት ብቻ ሳይሆን የሚርበውም ጥቂት ይሆናል። ሌላው ዓይነት ጨጓራን አሳንሶ ከአንጀት ጋር በአቋራጭ የሚያገናኘው ነው፤ ይህን ያደረገ ሰው ጣፋጭ ነገር አብዝቶ ቢበላ ወዲያው ላብ ላብ ይለዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል።

እንግዲህ ሰውየው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ይገባል። ለመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ሳምንታት የሚፈቀድለት ፈሳሽ ብቻ ነው፤ ቀጥሎ የላመና የተፈጨ፣ ቀጥሎ ለስላሳ ምግብ፣ ከዚያም ከስድስተኛው ወይም ከስምንተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ተለመደው ምግብ ይመለሳል። በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ማግኘት አለበት፤ ሲበላ ውኃ አይጠጣም፣ ከበላም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ይታገሣል፤ እያንዳንዱን ጉራሽ እስኪልም ድረስ ያላምጣል። ይህ ሁሉ በወረቀት ተጽፎ ይሰጠዋል። ወረቀቱ ግን በዕብራይስጥ ነው፤ የሚዘረዝረውም ኮቴጅ፣ ዮጉርት፣ ቱናና የተፈጨ የዶሮ ሥጋ ነው። ወረቀቱን የምትቀበለው የስድሳ ዓመት ሴት ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሠራ የኖረችው ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ አይብና እርጎ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ስለሌሉ፣ የአገሯ ምግብ ሁሉ የተከለከለ ይመስላታል፤ የማታውቀውን ምግብ ለሦስት ሳምንት ስትታገል ትቆይና፣ ሲሰለቻት ወረቀቱን ትታ ወደ ቀድሞው እንጀራዋ በአንድ ጊዜ ትመለሳለች።

የሚያሳዝነው፣ የእኛ ማጀት ለዚህ ሕመምተኛ የሚሆን ምግብ የሞላበት መሆኑ ነው። ከሽምብራ የተፈጨ ሽሮ፣ በርበሬውና ዘይቱ ተቀንሶ፣ ቀጠን ተደርጎ ሲሠራ ለላመው ምግብ ጊዜ እጅግ የተመቸ ነው፤ ምስርም ተፈጭቶ እንዲሁ። አይብና እርጎ ፕሮቲን አላቸው፤ እንግዲህ ሥጋና ወተትን የማናቀላቅል ስለ ሆንን በየተራው እንደ ሥርዓታችን ይቀርባሉ። የዶሮ ወጡ እንቁላል ከድልሁ ተለይቶ ቢፈጭ ለስላሳና ገንቢ ነው። አስቸጋሪው እንጀራው ነው። እንጀራ፣ በተለይም በዚህ አገር ብዙዎች ጤፍ ስለሚወደድባቸው ከስንዴ ዱቄት የሚጋግሩት፣ በጠባቡ ጨጓራ ውስጥ ከመረቁ ጋር ያብጣል፣ ይከብዳል፤ ለገንቢው ምግብ የሚሆነውንም ሥፍራ ይይዝበታል። ስለዚህ ወጡ አስቀድሞ፣ እንጀራው ኋላ፣ እርሱም በትንሹ መሆን አለበት። ለአንድ አማርኛ ተናጋሪ ቤት ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም፤ እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ ወጥ የምንበላው በእንጀራ ነውና፤ በማንኪያ የሚበላ ወጥ ለሕፃንና ለአልጋ ቁራኛ ነው ብለን ስናስብ ኖረናል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ከቤት ውጭ የሚገጥመው ነው። በአንድ የሐዘን ቤት ያየሁትን ልናገር። ሰባቱ ቀን ገና አልተፈጸመም ነበር፤ ሰዉ ከየከተማው ይመጣል፣ ይላቀሳል፣ ይቀመጣል፣ ምግብ ይቀርብለታል። ከእንግዶቹ መካከል አንዲት አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት፣ ከቀዶ ሕክምናዋ ሦስት ወር ያለፋት፣ በቡና ስኒ ማስቀመጫ ላይ ሁለት ማንኪያ ሽሮ አስደርጋ በጥግ ተቀምጣ ነበር። የቤቱ ባለቤት የሆኑት እማማ ሳህኗን አዩና ፊታቸው ጠቆረ፤ «ምነው ልጄ፣ እጃችን አልጣመሽም? በዚህ ቀን አታሳፍሪኝ፣ በሞቴ፣ አንዲት ብቻ!» ብለው ጠቅልለው አጎረሷት። እርሷም ሐዘንተኛ እናት ፊት እንቢ ለማለት አልቻለችም፤ አፏን ከፈተች። ጉርሻው ደግሞ፣ አንባቢ እንደሚያውቀው፣ ትንሽ ከሆነ ፍቅር የጎደለው ስለሚመስል፣ አፍ ሞልቶ ለማላመጥ ሥፍራ የማይሰጥ ነበር። ጥቂት ቆይታ ደረቷን ይዛ ተነሣች፤ ምራቋ በአፏ ይሞላ ጀመር፤ ወደ ሰገነቱ ወጥታ ግንቡን ይዛ ለረጅም ጊዜ ጎንበስ ብላ ቆየች፣ በመጨረሻም አስመለሳት። እማማ ከኋላዋ ቆመው «ምን አደረግሁሽ ልጄ» እያሉ ያለቅሱ ነበር። ማንም አልነገራቸውም፤ እርሷም አልነገረቻቸውም።

በዚያ ቤት ክፉ ሰው አልነበረም። የነበረው፣ እንግዳን እስኪጠግብ ሳይሆን ከጠገበም በኋላ ማብላት የፍቅር ምስክር ሆኖ የኖረበት፣ በችጋር ዘመን ክቡር የነበረ ልማድ ነው። እህል በሚያልቅበት ወራት የራስን ድርሻ ለእንግዳ መስጠት ትልቅ ጽድቅ ነበር፤ እኔም ያን ልማድ ያወረሱንን አባቶችና እናቶች አከብራለሁ። ነገር ግን እህል በተትረፈረፈበት በአሽቀሎን፣ ሐኪም ባሳነሰው ጨጓራ ላይ «በሞቴ» ብሎ ማስገደድ ከፍቅር የሚቆጠር አይደለም። ደጋግሞ ማስመለስም አንባቢ እንደሚመስለው ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰውነት ቢ1 የተባለውን ቫይታሚን ያጣና፣ ሳይታወቅ ከቆየ ዓይንን፣ አረማመድንና አእምሮን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ማስመለሱ አልቆም ካለው ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ፈጥኖ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት።

ስለ ቡናችንም ጥቂት ልበል። ቡና በልኩ ለብዙዎቹ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ ይፈቀዳል፤ ችግሩ አቦሉ፣ ቶናውና በረካው ከነስኳራቸው፣ ከነቆሎአቸውና ከነፈንድሻቸው ሲመጡ ነው። የቆሎና የፈንድሻ ገለባ በጠባብ ጨጓራ ላይ ከባድ ነው። የሚበልጠው ግን ሌላ ነው፤ ሐኪም ያዘዘውን የብረት ክኒን ከቡና ጋር የሚውጥ ሰው ከክኒኑ የሚያገኘው ጥቅም ይቀንስበታል፣ ቡና ብረትን ወደ ደም እንዳይገባ ያውካልና። የብረቱ፣ የካልሲየሙ፣ የቫይታሚን ዲው፣ የቢ12ቱ ክኒን የዕድሜ ልክ ጉዳይ እንጂ ለአንድ ወቅት የሚታዘዝ መድኃኒት አይደለም፤ በየጊዜው የሚደረገው የደም ምርመራም እንዲሁ። «ደኅና ነኝ» ብሎ የሚተወው ሰው ጉድለቱን የሚያውቀው ከዓመታት በኋላ፣ ደሙ ሲያንስና አጥንቱ ሲሳሳ ነው። ጠላና ቢራም እንደ ቀድሞው አይደሉም፤ አልኮል በተለይ አቋራጩን ባደረገ ሰው ደም ውስጥ ፈጥኖ ይገባል፣ ከፍ ብሎም ይቆያል፤ ቀድሞ በማያሰክረው መጠን የሚሰክር ሰው መኪና ሊነዳ ይችላልና ለዘመድ ሰርግ የሚሄድ ይህን ይወቅ።

ስለ ጾም ቀሶቻችን ቢናገሩ እወዳለሁ። በአስተሥርዮ ቀን፣ ይኸውም በዮም ኪፑር፣ እንዲሁም በ2008 በመንግሥት ሕግ ብሔራዊ በዓል በሆነው በስግድ ቀን፣ ምእመናኑ እስከ ቀትር በኋላ ጾመው ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጡ፣ ቀዶ ሕክምና ካደረገ ወራት ብቻ ያለፈው ሰው የጾሙን ሰዓት ሁሉ ውኃ ሳይቀምስ ለመዋል ይታገላል። ይህ ሰው ውኃን በአንድ ጊዜ አብዝቶ ጠጥቶ የቀረበትን ሊተካ አይችልም፤ ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ካልጠጣ ይደርቃል። በአይሁድ እምነት ሕግ ነፍስን ማዳን ከጾም የሚቀድም መሆኑን ቀሶቻችን ያውቃሉ፤ ሕዝቡ ግን ይህን ከአፋቸው ሊሰማው ይገባል፣ ከሐኪም አፍ ሲሰማው ሃይማኖቱን ያቃለሉበት ይመስለዋልና።

ወደ እንቅስቃሴው ስንመጣ፣ ሕመምተኛው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በዚያው ቀን በሆስፒታሉ መተላለፊያ እንዲራመድ ይደረጋል፤ ይህም ደም በእግሩ ውስጥ እንዳይረጋ ነው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ መራመድ፣ ሐኪሙ ሲፈቅድም ክብደት የማንሣት ልምምድ ማድረግ ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም ሰው ፈጥኖ ሲከሳ የሚቀልጠው ስቡ ብቻ ሳይሆን ጡንቻውም ነው፣ ጡንቻው ያለቀበት ሰው ደግሞ በኋላ የቀነሰውን ክብደት በቀላሉ መልሶ ይለብሳል። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው። ብዙዎች እናቶቻችን ግን «ሌሊቱን ሳጸዳ አድሬ ምን ስፖርት ትለኛለህ» ይላሉ። አነጋገራቸው የእውነት ነው፤ ወለል ሲወለውል ያደረን ሰው ድካም አልክድም። ሆኖም ጎንበስ ብሎ በአንድ ክፍል ውስጥ መድከምና፣ ቀና ብሎ ልብ እስኪመታ ድረስ መራመድ ለሥጋ አንድ አይደሉም። አሽቀሎን ደግሞ የባሕር ዳር መንገድ አላት፤ በደቡብ በኩል የጥንቱ ከተማ ፍርስራሽ ያለበት ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ከከነዓናውያን ዘመን የቀረው፣ በዓለም ካሉት የቅስት በሮች በዕድሜ ከሚጠቀሱት አንዱ፣ እዚያው ቆሞ ይታያል። ማለዳ ሙቀቱ ሳይበረታ ነጠላቸውን አጣፍተው ሁለት ሦስት ሆነው የሚራመዱ ሴቶች ሳይ ደስ ይለኛል። በእርግጥ ከጋዛ እምብዛም በማይርቅ ከተማ፣ የማስጠንቀቂያው ጩኸት ሲሰማ መጠለያ ለመድረስ 30 ሰኮንድ ያህል ብቻ በሚሰጥበት፣ ሰው ከቤቱ መራቅ የፈራባቸው ረጅም ወራት ነበሩ፤ በዚያ ጊዜ የከረመውን ውፍረት ማንም በስንፍና አይቁጠረው። መውጣት ላልተቻለበት ቀን ደግሞ እስክስታ አለልን፤ ትከሻና ደረት፣ ወገብና ጉልበት አንድ ላይ የሚሠሩበት ስለ ሆነ በቤት ውስጥ በሙዚቃ ሃያ ደቂቃ የጨፈረ ሰው በቂ ላብ ያልበዋል።

ክብደቱ ራሱ እንዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ሁለት ጊዜ ይደነግጣል። መጀመሪያ የሚደነግጠው ሲከሳ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ገደማ ጠጉሩ መርገፍ ይጀምራል፣ ቆዳው ይላላል፤ በዚህ ላይ በመንገድ ያገኘው ዘመድ ሁሉ «ምነው ከሳህ? ምን ነካህ? ታመህ ነው?» ይለዋል። በአገራችን «አማረብህ፣ ወፈር ብለሃል» የሚለው ሰላምታ የምስጋና ቃል ነበር፤ መክሳትም የችግርና የደዌ ምልክት። ስለዚህ ሐኪሙ «ጎበዝ» ያለው ሰው ከዘመዱ ዘንድ የሐዘን ፊት ይገጥመዋል፤ ሐሜቱም ይከተላል፤ እርሱም አፋቸውን ለመዝጋት ሲል ይበላል። ሁለተኛ የሚደነግጠው መልሶ ሲወፍር ነው። ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ከሁሉ ወደሚያንስበት ይደርስና ከዚያ በኋላ ጥቂት ይመለሳል። በስዊድን አገር ከ1987 ጀምሮ በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ የተደረገው ታላቅ ጥናት እንዳሳየው፣ አቋራጩን ያደረጉት ሰዎች በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ዓመታት ከክብደታቸው 32 በመቶ ያህል ቀንሰው ነበር፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ግን ቅናሹ 25 በመቶ ያህል ሆኖ ተገኘ። ቀዶ ሕክምና ያደረጉትም በጠቅላላው ካላደረጉት ይልቅ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በለጠ። እንግዲህ ጥቂት ኪሎ መመለሱ የተለመደ ነገር ነው፤ ይህን ያልሰማ ሰው ግን «ከሸፈብኝ» ብሎ ያፍርና ወደ ምግብ ባለሙያዋ መሄዱን ይተዋል፣ ያን ጊዜ ነው ጥቂቱ ብዙ የሚሆነው። ልጅ መውለድ የምታስብ ሴትም ክብደቷ እስኪረጋ ድረስ፣ ይኸውም ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ከመንፈቅ ያህል፣ እንድትታገሥ ትመከራለች፤ «ከሠርግሽ ዓመት ሞላሽ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» የሚሉ አክስቶች ይህን ቢያውቁ አንደበታቸውን በቆጠቡ ነበር።

ለኩፓት ሆሊም ኃላፊዎች የምለው አጭር ነው። መመሪያውን በአማርኛ ስጡን፤ ይህም ዮጉርትን በአማርኛ ፊደል መጻፍ ብቻ አይሁን፤ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ አይቡንና እንጀራውን በማንኪያና በግራም ለክታችሁ ጻፉልን። በምግብ ባለሙያዋ ቀጠሮ ላይ የሕመምተኛዋ ታናሽ ልጅ ሲያስተረጉም፣ እናት በልጇ ፊት ስለ ማስመለሷና ስለ መጠጥዋ እውነቱን አትናገርም፤ የሠለጠነ አስተርጓሚ መድቡላት። ቀሶችንና ሽማግሌዎችንም ጥሩ፤ እነርሱ የማይሰሙት ምክር ከአሽቀሎን ክሊኒክ ደጃፍ አያልፍም።

ቀጠሮ ተቆርጦላችሁ ቀኑን ለምትጠባበቁ አንባቢዎቼ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ነገሩን ለዓለም ሁሉ እንድታውጁት አልጠይቃችሁም፤ የሰው ሥጋ የራሱ ምሥጢር ነው። ነገር ግን ወደ ሆስፒታሉ ከመግባታችሁ በፊት ቢያንስ በቤታችሁ ወጥ ለሚሠራው ሰው፣ ሚስትም ትሁን እናት፣ እኅትም ትሁን አማት፣ እውነቱን ንገሩ፤ ወደ ምግብ ባለሙያዋ ስትሄዱም ይዛችኋት ሂዱና የድስቱን ነገር እርሷ ራሷ ትጠይቅ።